እትዬ አሰለፈችን ከግራው ግድግዳ ስለማውረድ

ለክቡር አቶ ማዕረግ
የግንቦት 20 በዓል የፎቶ ዐውደ ርዕይ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦንጋ

ግንቦት 29 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሕይወት ያሉ ጎረቤቴ ካለፈው ሥርዓት ግድግዳ ላይ እንዲወርዱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ በበዓሉ ዕለት በጭብጨባ ብዛት የደከሙት እጆችዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከጥርጣሬዬ በስተቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴ የእርጅና ነው። ጥርጣሬው ግን ከጽሕፈት ቤትዎ የተዋስኩት ስለሆነ፣ የሰው ዕቃ ይዞ መቆየት ነውር ነውና በዚህ ደብዳቤ ልመልስልዎ ወድጃለሁ።

ስሜ በዛወርቅ አባተ ይባላል። በዚሁ በቦንጋ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ሆኜ አገልግዬ በ1996 ዓ.ም. ጡረታ ወጥቻለሁ። እንደ እርስዎ ያሉ አሥራ አንድ ክቡራን ሲሾሙም ሲሻሩም ደብዳቤያቸውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ደብዳቤ እኩል አምስት መስመር እንደሚፈጅ በዚህ አጋጣሚ ብገልጽልዎ ቅር አይሰኙም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አላስችል አለኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ አሮጌ ኮምፒውተርና አንዲት ፕሪንተር ገዛሁ፤ ቀለሙን ወረቀት ላይ እንደ ካፊያ እየረጨች የምታትም ዓይነት ናት። ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ደግሞ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ወሰድኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰፈሬን ሰው ፎቶ እያነሣሁ ቤቴ ውስጥ በጥቁርና ነጭ አትማለሁ። ለምን በባለ ቀለም አታትሚም የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት ከጥቁርና ከነጭ ጋር ነው። ቀዩን ሪባን የምንጠቀመው «አስቸኳይ» ለሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ እሱ ያለበት ደብዳቤም ሲዘገይ እንጂ ሲፈጥን አላየሁም። ደግሞስ በቀለም ሲታተም ሰው የሚያየው ነጠላውን ጥለት ነው፤ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ግን ፊት ይታያል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰፈራችን ውስጥ የውኃ ቦኖ አለ። አለ ማለቴ ሲሚንቶው አለ። የካቲት 1999 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ዘጠኝ ወር ውኃ ሰጠ፣ ኅዳር 2000 ላይ ተንፏፍቶ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አርባ ሁለት አባወራ የሚቀዳው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ነው። ዝናብ የመታው ቁልቁለት እንዴት እንደሚያንሸራትት ለቦንጋ ሰው አይነገርም። በአማርኛ ውኃ፣ በካፊኖኖ አቾ እያልን ጠየቅን፤ በሁለቱም ቋንቋ አልመጣልንም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ አባቶች፤ እኛ ለመውቀጡም የሚሆን ውኃ አጣን።

ጎረቤቴ እትዬ አሰለፈች ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሃያ ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝለው በቀን ሁለቴ ይወርዳሉ፣ ሁለቴ ይወጣሉ። መጋቢት ላይ እዚያው ቁልቁለት ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸውና በሳምንቱ ጀሪካኑን አዝለው በአንድ እጃቸው ሣር እየያዙ ወረዱ። እኔ ልቅዳልዎ ብላቸው፣ አንቺ በየትኛው ጉልበትሽ ነው እኔን የምታግዢው፣ ይልቅ መጻፍ ታውቂ የለ፣ ጻፊልኝ አሉኝ።

እኔም ጻፍኩ። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ሚያዝያ 5 ቀን፣ እጃቸው እንደታሰረ በደረቀው ቦኖ አጠገብ ሲያልፉ አነሣኋቸው። በጥቁሩ ቀለም ብቻ ስላተምኩት ጥላው በዛበት፤ ቦኖው ያለበት ጥግ እንደ ድስት ቂጥ ጠቀረሸ፤ የእትዬ አሰለፈች ፊትና የታሰረው እጃቸው ግን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፋሲካ እንዳለፈ አርባ ሁለት ሰው የፈረመበትንና በጣቱ ያተመበትን የቦኖ ይጠገንልን አቤቱታ ተይቤ፣ ፎቶውን በስቴፕለር አያይዤ፣ መዝገብ ቤት አስገባሁ።

ከዚያ ግንቦት 20 መጣ። የሰፈሩ ሰው ዐውደ ርዕዩን እንዲጎበኝ በተነገረን መሠረት እኔና እትዬ አሰለፈች ነጠላችንን አጣፍተን አዳራሹ ገባን። በግራው ግድግዳ «ትናንት» ይላል፣ በቀኙ «ዛሬ» ይላል። በትናንቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጦርነቱና ከረሃቡ ፎቶ ቀጥሎ፣ እትዬ አሰለፈች ጀሪካናቸውን አዝለው ተሰቅለዋል። ከሥራቸው «በደርግ ዘመን እናቶቻችን ውኃ ፍለጋ ሲንከራተቱ» የሚል ተጽፏል። በትይዩው፣ በዛሬው ግድግዳ ላይ ደግሞ ያው ቦኖ በተመረቀበት ዕለት ውኃው ሲንፎለፎል፣ ክቡርነትዎም በብርጭቆ ሲቀምሱ፣ በባለ ቀለም ይታያል። በኮሚቴዎ አቆጣጠር ቦኖው መጀመሪያ ደረቀ፣ ቀጥሎ ተመረቀ ማለት ነው። እትዬ አሰለፈች ራሳቸውን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ። ከሥር የተጻፈውን ሳነብላቸው ግን ክንዴን ያዙና፣ በዛዬ፣ ሞቼ ነው እንዴ ሳትነግሩኝ፣ አሉኝ። ይህን ጥያቄ «ለሚመለከተው» ብዬ ወደ ክቡርነትዎ አመጣሁት።

ቅሬታዬንም እንደ ደንቡ በቁጥር ላቅርብ።

1. አቤቱታችን ወዴት እንደደረሰ መዝገብ ቤት ስጠይቅ ጠፍቷል ተባልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ደብዳቤው ተገኝቶ አባሪው ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ደብዳቤው ጠፍቶ አባሪው ግድግዳ ላይ ሲገኝ ግን ገና ማየቴ ነው። ፎቶውን ጠጋ ብለው ቢያዩት በላይኛው ጥግ ሁለት የስቴፕል ቀዳዳዎች አሉት። በደርግ ዘመን ስቴፕለር አልነበረም አልልም፤ ያ ቀዳዳ ግን የእኔ ነው፣ አውቀዋለሁ። ፎቶው ከአርባ ሁለት ሰው ፊርማ ላይ በራሱ ተነቅሎ አልሄደም። ነቃዩን አላውቀውም፤ እጠረጥራለሁ እንጂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

2. ይህንኑ ለኮሚቴው የፎቶ ባለሙያ ለአቶ ተድላ በትሕትና ባስረዳ፣ ባለ ቀለም ፎቶ በሞላበት ዘመን ጥቁርና ነጭ የሚያነሣ የለም፣ ስለዚህ ጥቁርና ነጭ የሆነ ሁሉ የቀድሞው ሥርዓት ነው አሉኝ። ወይ ጉድ! ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን የአቶ ተድላ የራሳቸው ፀጉር የሁለት ሥርዓት ነው። ቦኖውን ባሳያቸውም ጥቁር እድፍ እንጂ ቦኖ አይታየኝም አሉ።

3. ቤቴ ያለችው ፕሪንተር ዛሬም ጥቁርና ነጭ እንደምታትም ለማስረዳት አቶ ተድላን በራሳቸው ፈቃድ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጡ አነሣኋቸው። የቦንጋ ዝናብ ወረቀት አያደርቅምና ሁለት ቀን ማድ ቤት ውስጥ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቅዬ አደረቅኋቸው። ይህኛውን በሁሉም ቀለም ቅልቅል ስላተምኩት ግራጫው የለሰለሰ ነበር። ወሰድኩላቸው። መስኮት ላይ ሲያዩት አረንጓዴ መሰለ፤ ኒዮኑ ሥር ሲያዩት ወደ ሮዝ ተለወጠ። የቀለሙ ጠባይ ነው፣ በየብርሃኑ ይለያያል ብዬ አስረዳሁ። ሁለት መልክ ያለው ፎቶ ሐሰተኛ ነው ብለው ወሰኑ። እኔ ደግሞ እንደየመብራቱ መልኩን የሚለውጥ ሁሉ ሐሰተኛ ከተባለ ቢሮ ውስጥ ማን ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተናገርኩም፤ አሁን ግን ጻፍኩት።

4. በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። እንግዳ ክቡር ነውና አስቀመጥኳቸው። ማሽኗ ከፎቶ ሌላ ምን ምን ታትማለች፣ በቀን ስንት ወረቀት ታወጣለች፣ ማን ማን ይመጣል ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቴን ቆጠሩ፤ አርባ ስድስት ሆነ። የቀለሙን ዕቃ የምሞላበትን መርፌ አይተው የሚወጉት ምንድን ነው አሉ። ባዶ የሆነ ካርትሪጅ ነው፣ ቀለሙን የምገዛው ከሀጂራ ሱቅ ነው፣ እሷ ከጅማ ታስመጣለች ብዬ ነገርኳቸው። ከእኔ ወጥተው ሀጂራ ጋ ሄዱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማላውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሰላምታ ያበዙልኛል፤ እኔም አጸፋውን እመልሳለሁ፣ ስማቸውን ግን አልጠይቅም። ስለ ማሽኗ ካነሣን ዘንድ እኔም አንድ ጥርጣሬ አለብኝ፤ ውስጧ ቀለም እያለ አልቋል ብላ ሥራ ታቆማለች። ከዚህ በፊት የነበረችው በእርዳታ ድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለነበር አመሉን ከዚያ ያመጣችው ይመስለኛል።

5. በመጨረሻም ባለፈው ረቡዕ፣ ጠፍቷል ለተባለው የቦኖ አቤቱታ መልስ ደረሰን። የተጠቀሰው የውኃ ችግር በፎቶ ማስረጃ እንደተረጋገጠው የቀድሞው ሥርዓት ችግር በመሆኑና የተፈታ በመሆኑ ፋይሉ የተዘጋ መሆኑን እንገልጻለን ይላል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ይህንን ደብዳቤ ለእትዬ አሰለፈች ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ማንበብ አይችሉምና ሁለት ጊዜ አንብቢልኝ አሉ። ከዚያ ጀሪካናቸውን አነሡ። ዝናብ ነበር። እኔ ያነሣሁት ፎቶ፣ እኔ ያተምኩት፣ እኔ ያያዝኩት፣ እሳቸውን ወደዚያ ቁልቁለት የሚያወርድ ማስረጃ ሆነ። ያንን ፎቶ ባላትምላቸው ኖሮ ችግራቸው ቢያንስ የዛሬ ችግር ሆኖ ይቆይ ነበር። በደርግ ጊዜም ስለ ውኃ ስንት አቤቱታ ተይቤያለሁ፤ መልሱ ይዘገይ ነበር፣ ይጠፋም ነበር፤ ጠያቂውን ግን አንቺ ያለፈ ዘመን ሰው ነሽ ብሎ የመለሰ አላጋጠመኝም። ይህቺ የእርስዎ ፈጠራ ናት። እሰይ፣ ያልኖረ አያይም!

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ፎቶው ከግራው ግድግዳ ወርዶ በቀኙ ይሰቀልልኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ስምንት እርምጃ ነው፤ በዚህ ጉልበቴ ለክቼዋለሁ። ወደ ዛሬ ከተሻገሩ ችግራቸውም ይሻገራል፤ ፋይሉ ይከፈታል፤ ቦኖው ይጠገናል። ዐውደ ርዕዩ እስከ ሰኔ 5 ክፍት እንደሆነ በር ላይ ስለተለጠፈ ጊዜው አላለፈም።

እስካሁን ስላደረጉልን ሁሉ ማመስገን ይገባኛል። በሕይወት ያለችን ሴት ታሪክ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ለአዛውንቶች ዕድሜ በማሰብ ቁልቁለቱን የጤና ስፖርት ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ወረቀቴን ቆጥረው ስላሳወቁኝም እኔ በግሌ አመሰግናለሁ፤ አርባ አምስት ይመስለኝ ነበር።

ዘመንዎ እንደ ምርቃት ቀን ቧንቧ ይንፎልፎል፤ ወንበርዎ ይጽና፤ ጥላዎም አይጥበብ እያልኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ ዝቅ ማለቱንም ከምንጩ መንገድ የተማርኩት መሆኑን በመግለጽ፣

በዛወርቅ አባተ
ጡረተኛ ታይፒስት

ግልባጭ፦
ለእትዬ አሰለፈች (ሁለት ጊዜ ይነበብላቸዋል)
ለወይዘሮ ሀጂራ ሱቅ (ስለደረሰባት መጉላላት)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከፈረምኩ በኋላ አቶ ተድላ እድፍ ያሉት ጥግ እንቅልፍ ነሣኝና ያንኑ ፎቶ እንደገና አተምኩት፤ በሁሉም ቀለም ቅልቅል፣ ጥላውን እያሳሳሁ። አራት ወረቀት ተበላሸብኝ። በአምስተኛው ጥላሸቱ ተገለጠና ቦኖው ወጣ። ቦኖው ላይ የተለጠፈችው ትንሽ እብነ በረድም አብራ ወጣች። በአጉሊ መነጽር ሳነበው «ይህ የውኃ ቦኖ የካቲት 17 ቀን 1999 ዓ.ም. በክቡር አቶ ማዕረግ ተመርቆ ተከፈተ» ይላል። እንግዲህ ፎቶው የደርግ ዘመን ነው ካሉ፣ ክቡርነትዎ በደርግ ዘመን ክቡር ተብለው ሪባን ይቆርጡ ነበር ማለት ነው፤ ይህንን ሲሾሙ በሞሉት ቅጽ ላይ መግለጽዎን እጠራጠራለሁ። ከቀሩኝ አርባ አንድ ወረቀቶች ላይ ሁሉ አትሜ ማድ ቤቴ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ለእያንዳንዱ አባወራ አንዳንድ ነው፣ አንድ የሚጎድለው የእኔ ነው፣ እኔ አምስተኛውን ይዣለሁና። ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። እስከዚያው ያስቡበት፤ ወይ እትዬ አሰለፈች ወደ ቀኝ ይሻገራሉ፣ ወይ ክቡርነትዎ ወደ ግራ።