ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ላንድሮቨር

ሰኞ፣ መጋቢት 6 ቀን 1974

ሙቀት። ጠዋቱን ራዲያተር ስበይድ አሳለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሾፌራችን ዒልሚ ላንድሮቨሯን ከመልካ ጀብዱ ይዞ ገባ። መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶበት ቀይሯል። ከክሪክ ሲያወርዳት ግን እንደ ድሮዋ አልቆመችም... ከኋላ አንድ ጎኗ ወርዷል።

ምን ሆነች ሲሉት፣ "ወላሂ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች" አለ።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ዘርፈሽ አላለፈችውም። "አቦ፣ መኪናዋም ቀኝ መንገደኛ ሆነች?"

ግቢው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ኃላፊያችን ጓድ ወልደጻድቅ ቢሮው በር ላይ ቆሞ አየነው። ሳቁ የት ገባ? በዚህ ቃል ሰው ታስሮበታል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

የውይይት ክበብ። ስለ ምርት ዘመቻ ተጀምሮ ወደ መኪናዋ ዞረ። ቅዳሜ ከላይ የሚመጣ እንግዳ ወደ ሁርሶ ልትወስድ ነበር። ከኋላ አንድ ሰው "አሻጥር" አለ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ማየትስ ፈልጌ ነበር? ዒልሚ ሶማሌ ነው። ጦርነቱ ካለፈ ገና ምን ያህል ሆነው... ይህን ማንም አልተናገረም። መናገር አላስፈለጋቸውም። ቁልፉን ተቀበሉት። ምክንያቱ ካልታወቀ ሐሙስ ለምርመራ ይተላለፋል።

ወልደጻድቅ ወደ እኔ ዞረ። "ዘገዬ፣ ተበላሸች ወይስ አበላሿት?"

እስከ ሐሙስ አውቃለሁ አልኩ።  

ረቡዕ፣ መጋቢት 8

መጀመሪያ ወለሉን ጠረጠርኩ። አዙሬ አቆምኳት፤ ያው ጎን ነው የወረደው። ወለሉ ነፃ ነው። የጎማዎቹ ንፋስ እኩል። ትንሽ ነዳኋት፤ ከክሪክ የወረደ መኪና አንዳንዴ ጥቂት ሲሄድ ወደ ቦታው ይመለሳል። አልተመለሰችም። ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሯል ይላል ሁሉም። የብረት ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው። አልተሰበረም።

ከስር ተኛሁ። አገኘሁት። የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ ወደ ታች መውረድ ሲገባው ተገልብጦ ወደ ላይ ተጣብቋል። ዒልሚ ሻንሲዋን ሲያነሳ ጎማው ከልክ በላይ ወርዶ ስቦታል። እንዲህ እንዳይወርድ የሚይዘው አሞርቲዛተሩ ነበር። የታችኛው ቡሎኑ ግን የለም።

የለም... ደስታዬ ቀዘቀዘ። ወድቆ ነው ወይስ ተፈትቶ? ይሉኛል። ተመልሼ ተኛሁ። የቡሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል፤ ጠርዙ ተበልቷል። በእጅ የተፈታ ቡሎን ቀዳዳውን ሞላላ አያደርግም። ለወራት ሲላላ ኖሮ ነው የወደቀው። እርግጠኛ ነኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ሁሉም በተሰበሰበበት አነሳኋት። ማንጠልጠያውን በብረት ፈልቅቄ መለስኩት። ሳወርዳት ቀጥ አለች። ከዚያ ዒልሚ እንዳደረገው ደግሜ ማንሳት ጀመርኩ። ዛሬ ባይገለበጥስ? ክሪኩን እያዞርኩ የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

ቋ።

ተገለበጠ። ዘርፈሽ "እሰይ" ብላ አፏን ያዘች።

ወልደጻድቅ ለካኪው ሳይሳሳ ራሱ ከስር ገባ። ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ሲወጣ ጀርባው ግሪስ በግሪስ ነው። ማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሪፖርቱ ላይ ቀኝ እንዳትል።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"በተሳፋሪው በኩል በል።"

እሱም ይፈራል ለካ።

አርብ፣ መጋቢት 10

ማንጠልጠያውን መልሼ አዲስ ቡሎን አሰርኩ። ቁልፉን ለዒልሚ መለሱለት። ይቅርታ ያለው የለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 21

ዒልሚ እንግዳውን ሁርሶ አድርሶ ከተመለሰ ሰነበተ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሱ ግን... ድሮ ጎማ የሚቀይረው ብቻውን፣ እያንጎራጎረ ነበር። ዛሬ ክሪኩን ከስሯ አስገብቶ፣ አንዴም ሳያዞር መጥቶ ከሥራዬ ጠራኝ። ባለፈው ሳምንትም ጠርቶኛል። የምረዳው ነገር የለም። ፀሐይ ላይ አጠገቡ ቆምኩ። አነሳ፣ ቀየረ፣ አወረደ። ክሪኩን ሲያወጣ ያየው መኪናዋን አይደለም፤ እኔን ነው።

"ወላሌ፣ ወንድሜ፣ አይተሃል አይደል?"

"አይቻለሁ" አልኩት።

ባላይም አይቻለሁ እላለሁ።