ከቀይ ሸራ ስር

ትርሲትዬ፣ ቡታጅራ በሰላም ገብቻለሁ።

ስትሸኚኝ "ማንም ያልነካው ኮከብ ከምን እንደተሠራ በምን አወቃችሁ?" ብለሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። ሳልመልስልሽ አውቶቡሱ ተነሳብኝ። መልሱን ዛሬ ያዘዝሽኝን በርበሬ ልገዛ በርበሬ ተራ ሄጄ ሰጠሁት።

ሸረፋ የሚባል ነጋዴ ከላዩ ቀይ ሸራ ወጥሯል። ስሩ ያለው በርበሬ ሁሉ ደም ይመስላል።

"እስቲ ፀሐይ ላይ አውጣልኝ" አልኩት።

"አላመንሽኝም እንዴ?" አለ ቅር ብሎት።

"ያላመንኩት ሸራውን ነው። ሥራዬ ኮከብ ማጥናት ነው፤ መሀል ላይ አቧራ ካለ ኮከቡም ቀልቶ ይታየናል።"

"ታዲያ ኮከቡንም ጎትተሽ ታወጪዋለሽ?" ብሎ ሳቀ።

አላወጣውማ! ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና እበትነዋለሁ። በቀለማቱ መሀል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉ፤ ሃይድሮጅን የራሱ ቦታ አለው፣ ብረትም የራሱ፤ መስመሩ ከታየ ያ ነገር ኮከቡ ውስጥ አለ ማለት ነው። አቧራ ቀለሙን ያቀላዋል እንጂ መስመሮቹን ከቦታቸው አያነቃንቅም። ይህን ስነግረው ሸረፋ በርበሬውን ወደ ፀሐይ አወጣው። ደብዘዝ ብሎ ታየ።  ከዚያ ከኋላ ካለው ጆንያ ሌላ ዘግኖ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ ሰፈረልኝ።

እኛ ወልቂጤ ቆጮ እንኳን በጣታችን ጨመቅ ሳናደርግ አንገዛም፤ ያልነካሽውን አለማመንሽ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። የእማማ ዘነበወርቅን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ኪዱንም ሰላም በይልኝ። በርበሬሽን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እንደ ልብሽ ንኪው፣ አሽትቺው። ኮከቡ ግን ከምን እንደተሠራ እዚያው ሆኖ ራሱ ተናግሯል።

ያንቺው ማስተዋል