የስፌት መኪናሽን ያ ሁሉ ሰው ሰማው

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት ነው? መኪናውን ስትረግጪ የሚያብጠው ቀኝ እግርሽስ ተሻለው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ደህና አይደለሁም፤ አሞኛል እንዳልልሽም የሚያመኝ ቦታ የለም። እበላለሁ። እተኛለሁ፤ ማለቴ እጋደማለሁ። ስለ ዓይንሽ አልጠየቅኩሽም። ረስቼ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ያልደወልኩልሽ ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ለቀሽ ስለምታናግሪኝ፣ አባዬም እዚያው ራዲዮ መጠገኛ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሁሉን ስለሚሰማ ነው። ደብዳቤውን የምትሰጥሽ የጎረቤታችን ልጅ ነርሷ ናት። ነገ ዓርብ ወደ እናንተ ትመጣለች። ብቻዋን ስትሆን በእጇ ስጪያት ብያታለሁ። ፊደሉን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ያተለቅኩት ሆን ብዬ ነው። ካቃተሽ እሷ ታንብብልሽ። ወሬ አታወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ ፌስቲቫሉ ላይ ተጫወትን። አባዬ “ለሠርግ የማይጠሩ ሙዚቀኞች” እያለ የሚቀልድብን እኛ፣ የእኛ ዓይነቶቹ ሁሉ በበጋ አንድ ሜዳ ላይ የምንሰበሰብበት ነው። ሜዳው ጥላ የለውም። ሦስት መድረክ አለ፤ የአንዱ ከበሮ የሌላውን ዘፈን ይረግጠዋል። የእኛ ተራ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ ፊት ለፊት። የቤዝ ጊታሬ ክሮች በሙቀቱ እየላሉ፣ ቃኘሁ ስል ይፈርሳሉ፤ ደግሜ እቃኛለሁ፤ ደግሞ ይፈርሳሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ከእኛ ቀድሞ የሚወጣ አንድ ሽማግሌ ጥሩምባ ነፊ ነበር። እጄን አየና “ልጄ፣ ይንቀጠቀጣል እንዴ?” አለኝ። በርዶኝ ነው አልኩት። በዚያ ሐሩር! ሳቀብኝ። “እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ሰፊ ሱሪ የምለብሰው ለምን መሰለሽ?” አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ። ትንሽ።

አሁን መናገር ያለብኝን ልናገር። በጥር ወር ስልኩን መኪናሽ ላይ አስቀምጠሽ፣ እየሰፋሽ ያወራንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ያን ቀን ቀድቼሽ ነበር። ሳልነግርሽ። የፈለግኩት የመኪናሽን ድምፅ ነው፤ ጨርቁ ሲወፍርበት ዘገም የሚለውን፣ ሲሳሳለት የሚሮጠውን። ከሥሩ ደግሞ የምታንጎራጉሪያትን፣ ቃል የሌላትን ዜማ። ከመጨረሻው ሃያ ሰከንድ ወስደን ዘፈን ሠራንበት። የቆረጠው ኪቦርድ የሚጫወተው፣ ሊቁ የምንለው ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ድምፅ የሚቆረጠው በጆሮ ሳይሆን በዓይን ነው፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ ይታያል። ስለዚህ የቀረውን እሱ አልሰማውም። እኔም አልሰማሁትም።

መድረክ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ጋ ስንደርስ ኮምፒዩተሩ በፀሐይ ግሎ ጠፋ። ሊቁ ፎጣ ጣለበት፣ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን እፍ እፍ አለበት። አልነሣ አለ። መዶሻ የምንለው ከበሮ መቺያችን ሰዉ እንዳይበተን ብቻውን መምታቱን ቀጠለ። ሙሉው ቅጂ ስልኬ ውስጥ አለ ብዬ ጮህኩ። ገመዱን ስልኬ ላይ ሰካን። የነካሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ጣቴን አልቦት ነበር። መጨረሻው ላይ ያደረስኩት መስሎኝ መሃሉ ላይ ለቀቅኩት።

መጀመሪያ መኪናሽ መጣ። ድምፅ ማጉያዎቹ ከቤታችን ግድግዳ ይረዝማሉ፤ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። መዶሻ ተቀበለሽ። እኔም ገባሁ። ከዚያ መኪናው ቆመ፣ አንቺም ተናገርሽ።

“አባትሽ ራዲዮ ሊያደርስ ወጣ ብሏል፤ ሳይመጣ ልንገርሽ። የግራ ዓይኔ ሄዷል። ሐኪሙ ቀኙም ይከተላል አለኝ። ክሩን መርፌው ውስጥ የማስገባው በጣቴ እየዳበስኩ ነው። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።”

ቀጥሎ የኔ ድምፅ መጣ። “እሺ፣ እሺ። እማዬ፣ ያቺን ዜማ እስቲ ድገሚያት።”

አንቺም ደገምሽልኝ።

እንዲህ ነው የሰማሁት። ነግረሽኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ነግረሽኝ ነበር፣ በየሳምንቱ ስደውል ስለ ኮንሰርት አወራሽ ነበር፣ አንቺም ሁለተኛ አላነሣሽውም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው መኪናው ሲቆም “ኤጭ፣ ተቆረጠ” ብዬ መናደዴን ብቻ ነው። መድረኩ ላይም ጣቶቼ አላቆሙም። እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ፊት ለፊት የቆሙት ሲያለቅሱ አየሁ፤ ድርሰት መስሏቸዋል። ሲጨበጨብልን ጎንበስ ብዬ ምስጋና ሰጠሁ። ጎንበስ አልኩ፣ እማዬ።

ስንወርድ ፌስቲቫሉን የሚቀዳው የራዲዮ ጣቢያ አዘጋጅ መጣች። ያቺ ተዋናይ ማን ናት፣ ግሩም ናት አለችኝ። አንድ የማውቃት ሴት ናት አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። የፊታችን እሁድ አስር ሰዓት የሚተላለፈው ይሄ ዘፈን ነው ብላን ሄደች። እኔ ደግሞ ከወር በፊት ለአባዬ እሁድ በራዲዮ እንቀርባለን ብዬዋለሁ። እስካሁን ለደንበኛው ሁሉ ሳያወራ አይቀርም። የራዲዮን በሽታ በጆሮው የሚያገኝ ሰው ነው፤ አንቺን ከአንድ ትንፋሽ ይለይሻል።

ትናንት ጣቢያው ድረስ ሄጄ እናቴ ናት አልኳት። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች። ከንግግርሽ ሥር ከበሮ ስላለ ቃሉን ብቻ ማውጣት አይቻልም፤ ከወጣ ሙሉው ይወጣል፣ በእናንተ ቦታ ሌላ ባንድ ይገባል አለችኝ። ሊቁ “ስድስት ዓመት የጠበቅነውን! አባትሽ እንደሆነ አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም” አለ። መዶሻ “ዝም በል አንተ፣ የሰው እናት ናት” አለው። ከፕሮግራሙ ይውጣ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሊቁ አያናግረኝም። ሻይ የሚያፈላው ለሁለት ሰው ብቻ ነው።

ግን አላለቀም። ሜዳው ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ብዙ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ ይዞት ይመጣና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይከፍትለታል። ይህን ሳስብ ነው የምነቃው። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው። ከኔም አይስማው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የምለምንሽ ግን አንቺን ነው።

አሁን ልጠይቅሽ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ስንት ጊዜ አለሽ አለ? መድኃኒት ወይስ ኦፕራሲዮን? ማን ይዞሽ ሄደ? በነርሷ ስልክ ደውዪልኝና ከመጀመሪያው ንገሪኝ። አልቀዳም።

ጊታርሽ ሁለት ክር ይጎድለዋል የምትለኝን አክስቴን ሰላም በዪልኝ፤ አሁንም አራት ብቻ ነው በያት። ታላቅ እህቴን ከነባሏ፣ ከነልጆቿ ሳሚልኝ። ላጠረባት ቀሚስ አትቸኩዪላት፤ ትጠብቅ።

አባዬን ሳሚልኝ። እሁድ አስር ሰዓት ላይ ራዲዮውን ከፍቶ ይቀመጣል። እኛ ስንዘለል ጣቢያው ነው አይልም፤ ራዲዮው ተበላሸ ብሎ ጀርባውን ይፈታል። ከብሎኖቹ አንዷ ትወድቃለች፤ ሁልጊዜ ትወድቃለች። “ነይ እስቲ፣ ያንቺ ዓይን ነው የሚያገኛት” ይልሻል። እማዬ፣ ወለሉን እየዳበስሽ እንዳታስመስዪ። አላየኋትም በይው።

ልጅሽ
ከመለማመጃ ክፍላችን፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን