የበረኛው ቋጠሮ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ እንድሪስ፤

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል፤ እማዬም ወገቧ ተሽሏታል።

ታናሽዎ ጀብሪል ለጥያቄ ተፈልጎ ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ ነው። በየቀኑ ምሳውን በመሐረብ ቋጥሬ ለዘበኛው እሰጣለሁ። ጀብሪል የደሴ ቡድን በረኛ ሳለ በኳስ የተሰበረ ጣቱ አልታጠፍ ስለሚል፣ ባዶውን ሳህን ሲመልስልኝ ቋጠሮው ሁልጊዜ የላላ ነው። እኔም በዚያ አውቀዋለሁ።

ዛሬ መሐረቡ እኔው እንደቋጠርኩት፣ ጥብቅ እንዳለ ተመለሰ። ለእማዬ «ጾሞ ይሆናል» አልኳት። «ጀብሪል ሰኞና ሐሙስ እንጂ ቅዳሜ ጾሞ ያውቃል?» አለችኝ።

ቋጠሮው ጠብቆበት ይሆናል። ነገ አላልቼ እቋጥርለታለሁ።

እባክዎ ሥራ ካልበዛብዎ ብቅ ይበሉ። አላህ ሁላችንንም በአንድ ገበታ ያገናኘን።

እህትዎ ሐያት