ዛህራ ያላባረረቻት ዝንጀሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የዛህራን ደብተር ቀደደችው እያሉ ያሙኛል አሉ። አልቀደድኩም፤ በቀይ እስክሪብቶ “ውሸት” ብዬ ጻፍኩበት እንጂ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከትምህርት በኋላ የማስጽፋቸውን ልጆች፣ ስለምታውቁት የዱር እንስሳ ጻፉ ብያቸው ነበር። ዛህራ፣ ማሽላ ስጠብቅ ልጇን ያዘለች ዝንጀሮ መጣችና እስክትጠግብ ዝም አልኳት ብላ ጻፈች። ዝንጀሮ የሚያበላ ማሽላ ጠባቂ የት አይቼ!

ዛሬ ዛህራ ደጄ ድረስ መጣች። “ቲቸር፣ እውነት ነው እኮ! አባዬ እንዳይሰማ ብቻ፤ ይገርፈኛል።”

የሚያስገርፋትን ነገር ፈጥራ አትጽፍም፤ አመንኳት። ጽሑፏ ከሁሉም ይበልጣል። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ነገ በመጀመሪያ ዛህራን ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሺ ካለችኝ፣ አባቷ የእጅ ጽሕፈቷን እንዳያውቀው በራሴ እጅ ገልብጬ ያለ ስም እለጥፈዋለሁ። አባቷ “ይህን የጻፈው የማን ልጅ ነው?” ብሎ ቢጠይቀኝ ግን... እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልበትም።