በመስኮቴ ስለሚገባው የውስጥ ግንኙነትዎ

ለተከበሩ የአንሶላና የፎጣ ማጠቢያና መተኮሻ ድርጅት የውስጥ ግንኙነትና የሥራ ባህል ግንባታ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ድምፅዎን በየማለዳው የምሰማ እንደ መሆኔ፣ ባለፈው ሰሞን ሻከር ብሎብኝ ተጨንቄ ነበር፤ በዚህ ሳምንት ግን እንደ ቀድሞው ጠርቶ ስለሰማሁት ደስ ብሎኛል። ለእጆችዎም ደህንነትን ከልብ እመኛለሁ። አሥሩም ጣቶችዎ ባዘዟቸው ጊዜ ይታጠፉልዎ፣ ባዘዟቸው ጊዜ ይዘረጉልዎ።

እኔ የድርጅትዎ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ቤቴ ከግቢዎ ግንብ ጋር የተጣበቀ አንዲት አሮጊት ነኝ። ይሁን እንጂ «የውስጥ ግንኙነት» ብለው ያሰቀሉት ድምፅ ማጉያ አፉን ያዞረው ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት ስለሆነ፣ ከእኔ የበለጠ ታማኝ አድማጭ እንደሌለዎ በሙሉ ልብ መናገር እችላለሁ። ሠራተኞችዎ በእንፋሎትና በማሽን ጩኸት መካከል ስለሚውሉ የሚሰሙት እምብዛም ነው። እኔ ግን ስለ መተማመን፣ ስለ ግልጽነትና ስለ መደማመጥ የሚሰጡትን ትምህርት አንድም ሳያመልጠኝ ተከታትያለሁ። «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚለውንም መዝሙር ከነዜማው በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ቤት እንደማይመታ ሳልጠቁም ማለፍ ግን የተማርኩበትን ትምህርት ቤት ማሳፈር ይሆንብኛል።

ከድርጅትዎ ጋር ሌላም ዝምድና አለኝ። በመተኮሻ ክፍልዎ ስትሠራ የኖረችው የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ዛሬም የምንኖረው አንድ ቤት ነው። እርስዎ እንግዲህ ቤተሰብ ነን ስላሉ፣ በዚህ ስሌት እኔና እርስዎም የሥጋ ዘመዶች ሆነናል ማለት ነው። በዘመድ ወግ ቅሬታዬን ላቅርብ።

አንደኛ፤ የርክክቡን ልማድ በማስቀረትዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን በአጭሩ ልግለጽ። የመተኮሻው ማሽን እርጥቡን አንሶላ በአንድ ወገን ውጦ በሌላው ወገን ደረቅ አድርጎ የሚተፋ ትልቅ የጋለ ጥቅል ብረት ነው። በፊቱ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ዘንግ አለ፤ እጅ ሲነካው ማሽኑን ቀጥ የሚያደርግ። ሴቶቹ ማሽኑን «አማት» ይሏት ነበር፤ ጠባይዋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥና የሚያደርጉላት ሁሉ ስለማያስደስታት። ፈረቃ ሲለወጥ ወጪዋ ሠራተኛ ገቢዋን ሳታገኝ ከማሽኑ አጠገብ አትነቃነቅም። ጎን ለጎን ቆመው የዕለቱን ጠባይ ትነግራታለች፤ ገቢዋም የሰማችውን መልሳ ትላለች፤ «ተረክቤያለሁ» ካለች በኋላ ነው ወጪዋ ሽርጧን የምትፈታው።

ይህ ልማድ እኔን ደስ ያሰኘኝ ነበር። ያስተማረችኝ መምህርት መልእክት ይዘን ወደ ሌላ ክፍል ስንላክ፣ ተመልሰን «ነግሬያታለሁ» ብንል አትቀበለንም። «እሷስ ምን አለችሽ?» ትል ነበር። መልስ ካልያዝን በመጣንበት እግራችን እንመለሳለን። ያኔ ክፋት ይመስለኝ ነበር።

ከእርስዎ ክፍል የተላኩት ባለሙያ ግን ወደ መተኮሻው ክፍል ገብተው ጥቂት እንደ ቆሙ፣ ወጪዋ «አማትሽ ዛሬ አኩርፋለች፤ በቀኝ በኩል አንሶላ ታጥፋለች፤ ቀስ እያልሽ አጉርሻት» ስትል፣ የእህቴም ልጅ «እኔንማ መቼ ወዳኝ ታውቃለች! በቀኝ ቀስ እላለሁ፤ ተረክቤያለሁ» ስትል ሰሙ። ይህም «አሉታዊ ንግግር» ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የሥራ መሣሪያን በቅጽል ስም መጥራት ተከለከለ፤ ወሬ ጊዜ እንዳይሻማ ተብሎም ወጪዎቹ በኋላው በር፣ ገቢዎቹ በፊተኛው በር እንዲሆኑ ተደረገ። ስለ ማሽን የሚባል ነገር ካለ ለእርስዎ ክፍል ይነገራል፤ ክፍልዎም ቃሉን አስተካክሎ በሠራተኞች የስልክ መልእክት ማኅበር ላይ ይለጥፈዋል። ደንቡም በግድግዳው ላይ በትልልቁ ተጻፈ፦ የተለጠፈ መልእክት እንደ ተነገረ ይቆጠራል። የፊደሉ አጣጣል ቆንጆ ነው ይላሉ።

ሁለተኛ፤ ሠራተኞችዎ ሐሳባቸው እንዳይበተን በማሰብ፣ ስልካቸውን በር ላይ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው እንዲገቡ ማድረግዎ የሚመሰገን ነው። እንግዲህ መልእክቱ በስልክ ይላካል፤ ስልኩ በሣጥን ይቆለፋል፤ ሠራተኛው ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ገና መሳቅ በምትችልበት ጊዜ፣ «እትዬ፣ ሣጥኑ ሲንጫጫ ብትሰሚው! ሁሉም በአንዴ ይናገራል፤ የሚያነሣው የለም» ብላ አስቃኝ ነበር። ስልኮችዎ እርስ በርስ በመግባባት ረገድ ለማንኛውም ድርጅት አርአያ ይሆናሉ።

ሦስተኛ፤ የዚያን ቀን ጉዳይ። የእህቴ ልጅ ተቀያሪ፣ በቁመቷ ምክንያት ሁሉም አጭሯ የሚላት ሴት፣ የፈረቃዋ መጨረሻ ላይ ዘንጉ በግራ በኩል እንደማይዝ አየች። እጅ ቢነካውም ማሽኑ አይቆምም። እንደ ደንቡ ለክፍልዎ ተናገረች። ክፍልዎም ቃሉን አስተካከለ። የተለጠፈውን አጭሯ ኋላ በስልኳ አሳይታኛለች፤ እንዲህ ይላል፦ «የመተኮሻ ማሽናችን በግራ በኩል ለላቀ መሻሻል ዝግጁ ነው! በርቱ!» ከሥሩም የሚያጨበጭቡ እጆች ሥዕል አለበት።

እኔ ሰባት ጊዜ አንብቤው ዘንጉ አይይዝም የሚለውን ላገኘው አልቻልኩም። ምናልባት ዕድሜዬ ነው።

የእህቴ ልጅ ስልኳን በሣጥኑ ውስጥ አኑራ ገባች። በግራ በኩል ቆመች። አንሶላው ጫፉ ተጠቅልሎ ስለነበር ልታቃናው እጇን ሰደደች። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም፤ በዘመድ መካከል ሁሉም ነገር አይነገርም። ማሽኑ አልቆመም፤ ያቆሙት ጓደኞቿ ናቸው፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍተው። በዚያች ሰዓት ድምፅ ማጉያዎ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ይዘምር ስለነበር ጩኸቷ ወደ መስኮቴ አልደረሰም። ለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህ ምስጋና የእውነት ነው።

አራተኛ፤ ለቤተሰብ ማሳወቅን በሚመለከት። ከክፍልዎ የመጣልኝ ሰው የለም፤ ድምፅ ማጉያውም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለም። እየሮጠች የመጣችው አጭሯ ናት። በኋላው በር ወጥታ መንገድ ጀምራ ሳለ ግርግሩን ሰምታ ነው። «እትዬ፣ አይደንግጡ፤ ደህና ናት፤ ጫማዎን ብቻ ያድርጉ» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ በጥቂት ቃል ብዙ ነገር የነገረኝ ሰው የለም፤ ይህችን ሴት ክፍልዎ ቢቀጥራት አይጸጸትም። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ግን ቃሏ ሁሉ ተንዶ፣ «አየኋት እኮ! እኔ በኋላው በር ስወጣ እሷ በፊተኛው ስትገባ፣ በግቢው ማዶ አየኋት። በእጄ ግራውን፣ ግራውን እያልኩ አወዛወዝኩላት። እሷ ደግሞ ሰላም ያልኳት መስሏት አወዛወዘችልኝ» እያለች ታለቅስ ነበር።

ያወዛወዘችውም በዚያው እጅ ነው።

አምስተኛውን ልጽፍ ጀምሬ ቃላቱ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የማይፈቀዱ ሆነው ስላገኘኋቸው ትቼዋለሁ። አበባ ይዘው አልጋዋ አጠገብ የተነሡት ፎቶግራፍ ግን በወር መጽሔትዎ ወጥቶ ደርሶናል። በጥሩ ሁኔታ ተቆርጧል፤ ፋሻው አይታይም።

ስድስተኛ፤ የእህቴ ልጅ ቁስሏ ሲድን ሁለት ጣቶቿ እንደ ደረቁ ቀሩ። ቢሆንም ሥራዋን ትፈልጋለች፤ ሌላ ሙያ የላትም፤ ያ ክፍል ወጣትነቷን በሙሉ የበላ ክፍል ነው። እርስዎም በቸርነትዎ፣ «ከስህተት እንማር» በሚለው የሰኞ ማለዳ ዝግጅትዎ ላይ በድምፅ ማጉያ ቀርባ አንድ ነገር ብትናገር ወደ ፎጣ ማጠፊያው እንደምትመለስ አስታወቋት። የምትናገረውንም ጽፈው ሰጧት፦ መልእክቱ ተለጥፎ ነበር፤ ተነግሮኝ ነበር፤ ሳላነብ የገባሁት በራሴ ጥፋት ነው።

አልተነገራትም፣ ክቡር ሆይ። ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ እሱን ያንብቡ። ጣቶቿን ወስደዋል፤ ይህንን እውነት ግን በገዛ አንደበቷ እንድታስረክብ መጠየቅ ለእኔ የከበደኝ ነገር ነው።

ሆኖም አልከለከልኳትም። የሚበላው እንጀራ የእሷ ላብ ሆኖ ሳለ፣ እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ስለ ክብር ብሰብካት አያምርብኝም። ቅዳሜና እሑድ ጓዳ ውስጥ ሆና ወረቀቱን ስትለማመድ ሰማሁ፤ «በራሴ ጥፋት» የሚለው ላይ ስትደርስ ሁሌ ድምፅዋ ይጠፋ ነበር። ሰኞ ማለዳ የሸሚዟን ቁልፎች ቆለፍኩላት፤ ራሷ መቆለፍ አትችልምና። ትልቅ ሴት ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ተማሪ ቆመችልኝ። «እትዬ፣ ዛሬ መስኮቱን ዝጊው» አለችኝ። እሺ አልኳት። አልዘጋሁትም።

ለዚህ ዝግጅት ክብደት ለመስጠት ብለው ማሽኖቹን አስቁመው ሁለቱንም ፈረቃ በግቢው ማሰለፍዎን ሳደንቅ እኖራለሁ። ወጪና ገቢ ፊት ለፊት የተያዩት በሮቹ ከተለዩ ወዲህ ያን ዕለት ነው። እርስዎ በጠራው ድምፅዎ አስተዋወቋት። ከዚያ የወረቀት ኮሽታ ተሰማ፤ ቀጥሎም የእህቴ ልጅ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «እንደምን አደራችሁ። አማት በግራ በኩል ዛሬም አልተሠራችም። ዘንጉ አይይዝም። በግራ በኩል እጃችሁን እንዳትሰዱ።»

ከዚያ ዝም አለች። እርስዎ ጽሑፉ የጠፋባት ሳይመስልዎ አልቀረም፤ «ቀጥይ፣ ቀጥይ» ሲሉ ተሰምቷል። አልጠፋባትም፤ መልስ እየጠበቀች ነበር። መልሱም በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በግንቡ ላይ ተሻግሮ መጣ። ያ ሁሉ ሴት በአንድ አፍ፦ «በግራ አንሰድም! ተረክበናል!»

ወዲያው መዝሙሩ ተለቀቀ።

የስንብቷ ጉዳይ የተፈጸመበትም መንገድ ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ከመልእክት ማኅበሩ አስወጧት፤ ቀጥለው መሰናበቷን በማኅበሩ ላይ ለጠፉት። ሳትሰማ እንዳትቀር የነገራት ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ አልጽፍም፤ እሱም ሥራውን ይፈልገዋል።

ካሳ አልጠየቅሁም፤ ማዘንዎንም አልጠየቅሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከእነዚህ ማለዳዎች በአንዱ፣ ከመዝሙሩ በፊትም ቢሆን በኋላ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ «አልተነገራትም ነበር» ብለው ይናገሩልኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጉሮሮ አያደክምም። መስኮቴን ክፍት አደርጋለሁ።

ለሥራ ባህላችን ማበብ ሌት ተቀን ስለሚደክሙት፣ ክፉውን ቃል ሁሉ ወደ በጎ ስለሚለውጡት፣ ጎረቤትን ጭምር ሳይለዩ ቤተሰብ ስላደረጉት ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

የማያሰናብቱኝ አድማጭዎ፣
ከግንቡ ማዶ ያለችው አክስት

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣ ከመላኩም በላይ፣ ዛሬ ማለዳ መኪናዎ በሚገባበት በር ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ በገዛ እጄ ተለጥፏል። በራስዎ ደንብ መሠረት የተለጠፈ መልእክት እንደ ተነገረ ይቆጠራል፤ ሳያነብ ያለፈ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የግራው ዘንግ አልተሠራም፤ በቦታው ሌላ ሴት ቆማለች። ይረከቡኝ።