ከአልጋዬ ሥር ያለው ድንኳን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከጧቱ 12፡30

እንደገና ቅልጥሜን። ያው ብረት፣ ያው ቦታ። ከአልጋው ሥር ወጣ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔም ረስቼ እነሳለሁ። ደብተሬ፣ ሰው በገዛ መኝታ ቤቱ ይቆስላል?

ትናንት በስፌት ሜትር ለካሁ። ክፍሉ 2 ሜትር ከ80 በ3 ሜትር ከ10። እኩሌታውን አልጋው በልቶታል። የቀረው ደግሞ የእድሩ ነው። ድንኳኑ በሁለት ማዳበሪያ ከአልጋው ሥር፣ የድንኳኑ ብረቶች ከጎኑ፣ ሦስት ትልልቅ ብረት ድስት በሩ ጥግ፣ ሰሃንና ብርጭቆ በካርቶን እስከ ኮርኒሱ። እማዬ የእድሩ ንብረት ያዥ ነበረች። ስትሞት ኃላፊነቱ ወደ እኔ ዞረ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም እምቢ አላልኩም። ያኔ የፊቱ ክፍል ነበረን። የፊቱ ክፍል ለመንገድ ሲነሳ ዕቃው ሁሉ ተግተልትሎ መኝታዬ ገባ።

ወሰንኩ። ለእድሩ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ዕቃችሁን አንሱልኝ። በመ/ቤት ለሰው ሁሉ ደብዳቤ ስተይብ የምውል ሴት ለራሴ አንድ ያቅተኛል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ደብዳቤውን ለጋሽ ተክሌ ሰጠሁ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ የአባቴ ጓደኛ። መነጽራቸውን አልያዙም፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። እሑድ ለስብሰባ አቀርበዋለሁ አሉ። ከዚያ ትንሽ አዩኝ። ምን እንዳዩ እንጃ።

እስከዚያው ዘዴ። ስልኬ ላይ ስለ ጠባብ መኝታ ቤት አያለሁ። ግድግዳ ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ፣ ከላይ የሚንጠለጠል መደርደሪያ። የእነሱ ግድግዳ ግድግዳ ነው። የኔ ጭቃ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስድስት ማንጠልጠያ ገዝቼ መጣሁ፤ የመጀመሪያው ሚስማር ከነልስኑ ወረደ። ቆጥ ላሠራ ብል ኮርኒሱ አቡጀዴ ነው። እንኳን ዕቃ፣ ድመትም አይችልም።

ባለ ሱቁ ሸምሱ አራት ብሎኬት ሰጠኝ። አልጋውን አንስተን በየእግሩ ሥር አደረግን። አሁን ብረቱ ሙሉ በሙሉ ይገባል። እኔ ደግሞ ለመተኛት በርጩማ ላይ መውጣት አለብኝ። እትዬ አስቴር ከፍ ከፍ አሉ፣ ብሎ ቀለደብኝ።

ዋናው ግን ይኼ ነው። ድስቶቹ ባዶ ናቸው። ባዶ ዕቃ ለምን ቦታ ይበላል? ልብሴን ሁሉ አጣጥፌ ትልቁ ድስት ውስጥ ከተትኩ። ክዳኑን ገጠምኩ። ሻንጣው ባዶውን ብረቶቹ ላይ ተጋደመ፣ ለእግሬ ቦታ ተገኘ። በራሴ ኮራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ስብሰባው ተስማማ። አፍንጮ በር አንድ አባል ግቢ ውስጥ ትርፍ ክፍል አለ። ዕቃው የዛሬ ሁለት ሳምንት ይነሳል። ማንም አልተቃወመ። አንዷ እንዲያውም እስከ ዛሬ እንዴት ቻለችው አለች።

ደስ አለኝ። ከቅ/ጊዮርጊስ ቁልቁል ስመለስ በልቤ ቁም ሳጥን አቆምኩ። ባለ ሁለት በር፣ መስታወት ያለው። ከጎኑ ወንበር። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት። የትኛው እንግዳ፣ አትበይኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከጧቱ 1 ሰዓት

11፡30 ላይ በር ተንኳኳ። ወ/ሮ ጸሐይ አረፉ፣ ባለ ወፍጮዋ። ነፍስ ይማር።

አምስት ሰው በአንዴ ክፍሌ ገባ። አምስት! መቆሚያ የለም፤ አንደኛው አልጋዬ ላይ ወጥቶ ካርቶን ያቀብላል። ድንኳኑ ወጣ፣ ብረቱ ወጣ፣ ድስቱ ወጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔ መ/ቤት ደውዬ አስፈቅጄ እከተላለሁ። ጥቁር ቀሚሴን ልልበስ ብዬ ዞር ስል

ደብተሬ። ልብሴ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከምሽቱ 2 ሰዓት

አልደረስኩባቸውም። ለንፍሮው ሊጥዱ ክዳኑን ሲያነሱ ከላይ የኔ ሙታንታ። ትናንት ለቅሶ ቤት በቤት ቀሚስ እየሮጥኩ ስገባ ሴቶቹ ድስቱን ከበው ቆመዋል። የሟች ልጅ፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠው፣ መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ሁሉም። አሮጊቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጋሽ ተክሌ ወደ ድንኳኑ ካስማ ዞረው ገመድ የሚያጠብቁ መሰሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። በኋላ እኔም ሳቅኩ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

አንዷ ልብሴን በፌስታል አድርጋ ስትሰጠኝ ይኼ ብቻ ነው ወይ አለች። ይኼ ብቻ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ኖሬ አንድ የንፍሮ ድስት። ያውም አልሞላ።

ዛሬ ሲመሽ ብርጭቆ አጠብን። አምስት ሴቶች በአንድ ገንዳ ዙሪያ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ባሎቻቸው ኩርፊያ። አንዷ ሳትጠይቀኝ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበችልኝ፣ እንዳይርስ። ወደ ቤቴ መመለስ አስጠላኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። ቀን 9 ሰዓት

ሰኞ ዕቃው ተመለሰ። ልብሴ በሻንጣ ነው። ማክሰኞ ትኩሳቱ ያዘኝ። ብዕር መጨበጥ የቻልኩት ዛሬ ነው።

ሦስት ቀን ማንም አላንኳኳም። መ/ቤት ደወልኩ፤ አለቃዬ እግዜር ይማርሽ ብሎ ዘጋ። ሸምሱ ቤተሰብ ሊጠይቅ ወልቂጤ ሄዷል፣ ሱቁ ዝግ ነው። ትናንት ከሰዓት ውሃዬ አለቀ። ጀሪካኑ በሩ ጋ፣ ሦስት እርምጃ። ከዚህ ከፍ ካደረግኩት አልጋ ለመውረድ ፈራሁ። ራሴን ያዞረኛል። ብወድቅ ማን ያነሳኛል?

ተኝቼ በሩን አያለሁ። ማን ያንኳኳል? ይኼን በር የሚያንኳኳው ድንኳን ፈላጊ ብቻ ነው። ድንኳን የሚፈለገው ሰው ሲሞት ነው። ልቤ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰፈሩን መቁጠር ጀመረ። ስኳር ያለበት ማን ነበር? ከአልጋ ያልወረዱት እኒያ ሴትዮስ? ውሃ እንዲያቀብለኝ ሰው እንዲሞትልኝ ጠበቅኩ። ይኼን ለነፍስ አባቴም አልናገር። አንቺ ያዥልኝ።

ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። እኔ ራሴ ብሞትስ? ዕቃው እዚህ እስካለ፣ ሌላው ሲሞት ድንኳን ሊወስዱ የሚመጡት እኔንም ያገኙኛል። እሑድ ዕቃው ይነሳል። በራሴ ደብዳቤ።

ዛሬ ጧት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። ከጀሪካኑ አፍ ጠጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

መጡ፣ ተሸክመው ሄዱ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ነበር። ጋሽ ተክሌ በሩ ላይ ቆመው እድሩ ያመሰግንሻል፣ የእናትሽም ነፍስ ደስ ይላታል አሉ። ተናገሪ፣ አልኩ ለራሴ። ደህና ይዋሉ አልኳቸው።

ወለሉ ላይ ድስቶቹ የቆሙበት ሦስት ክብ ምልክት ቀርቷል። በብሩሽ ፈተግኩት፤ አልለቅ አለ። መሃል ቆሜ እጆቼን ዘረጋሁ፤ ምንም አልነካሁም። ስመኘው የነበረው ይኼ ነው። ሳስል ድምፄ መልሶ ይመጣብኛል። ቁም ሳጥኑስ ቢመጣ ምን እከትበታለሁ? አንድ ድስት ልብስ።

እንባዬ መጣ፤ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ቁም ሳጥኑን ሊሠራልኝ የነበረውን አናጢ ይቅርብኝ አልኩት።

ከመ/ቤት ስወጣ አምስት ኪሎ ታክሲ አልጠበቅኩም። በእግሬ፣ በፒያሳ አድርጌ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። ቁልፍ ቀራጩ ጋ የቤቴን ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጽኩ። እንደሞቀ በእጄ ይዤው ጋሽ ተክሌ ቤት።

ሌላው እዚያው ይቀመጥ፣ ድንኳኑ ግን ይመለስ አልኳቸው። አፍንጮ በር ለሰፈሩ ሩቅ ነው። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚፈለገው ድንኳን ነው። አልጋዬም ከፍ ብሏል፣ ሥሩ ባዶ ነው። ንግግሬን የመ/ቤት ደብዳቤ አደረግኩት፤ ምክንያት አንድ፣ ምክንያት ሁለት። እሳቸው ይሰማሉ። ከዚያ ምክንያቱ አለቀብኝ።

ታምሜ ነበር አልኩ። ሦስት ቀን። ማንም አላወቀም።

ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሥራ ላይ ሆኜ ድንኳኑ ቢፈለግ ብዬ ነው አልኩ። እሱ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፉን አንስተው አገላበጡት። ድንኳን አየር ካላገኘ ይሻግታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አየዋለሁ አሉ። ቁልፉ ኮታቸው ኪስ ገባ። ስነሳ እስከ በር ሸኙኝ፤ እዚያ ቆም አሉ።

«ባንኳኳ ባትመልሺስ?»

ይክፈቱ አልኳቸው።